«አብራሪው ራዳር አለው አይደል?» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። እኔ ዘንድ በሦስት ሰው በኩል ደረሰ። ጸሐፊው ለአቪዬሽን የአየር ጠባይ ትንበያ የሚወጣው ገንዘብ ብክነት ነው ባይ ናቸው። የሚያነሱት ይህን ነው። አውሮፕላኑ ራሱ ራዳር አለው፤ ትንበያ ትርፍ ነገር ነው። ትንበያ እየተሳሳተ አየር መንገዶችን ያከስራል። ሳተላይትና ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ካሉ መሬት ላይ መሣሪያ መትከል ምን ይሠራል? በአየር ጠባይ የሚወድቅ አውሮፕላንም ዛሬ የለም። የአየር መናወጥ መድኃኒቱ ቀበቶ ማሰር ብቻ ነው። በመጨረሻም የእኛ ሰማይ ገር ስለሆነ ነገሩ የአሜሪካና የአውሮፓ ጣጣ ነው።

አጻጻፋቸው ደስ ይላል። አንዳንዱ ላይ እውነት አላቸው፤ እሱን እዚያው ቦታው ላይ እናገራለሁ። እኔ ለዓመታት የበረራ እቅድ የሚወጣበት ክፍል ውስጥ በፈረቃ ሠርቻለሁ። ሚቲዎሮሎጂስት አይደለሁም። የመጣልኝን ትንበያ አንብቤ «ስንት ቶን ነዳጅ እንጫን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የምሰጥ ሰው ነበርኩ። የምጽፈውም ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ።

ከራዳሩ ልጀምር። አውሮፕላን አፍንጫ ውስጥ ያለው ራዳር የሚፈልገው ውሃ ነው። ሞገዱ የዝናብ ጠብታ ሲያገኝ ነጥሮ ይመለሳል፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ጥሩ መሣሪያ ነው። የማያየው ግን ብዙ ነው። ከፍታ ላይ ያለ ደረቅ የበረዶ ቅንጣት በጣም ደካማ ምልክት ነው የሚመልስለት። ደመና በሌለበት ሰማይ ላይ ያለ የአየር መናወጥ ጭራሽ አይታየውም፤ የሚያስመልሰው ጠብታ የለማ። ከባድ ዝናብ ሲገጥመው ደግሞ ሞገዱ እዚያው ይዋጣል። ከጀርባ ያለው ሁለተኛው ደመና ባዶ ሰማይ ይመስላል።

የእሳተ ገሞራ አመድም አያይም። ሰኔ 1982 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 በሌሊት ከጃቫ ደሴት በላይ ሲበር አራቱም ሞተሮቹ ጠፉ። ራዳሩ ላይ ምንም አልነበረም። አውሮፕላኑ ግን ከጋሉንጉንግ ተራራ በወጣ አመድ ውስጥ ነበር። አመድ ሞተር ውስጥ ሲገባ ይቀልጥና እንደ መስታወት ይለጠፋል። ከ11 ሺህ ሜትር በላይ የነበረው አውሮፕላን ወደ 4 ሺህ ሜትር ገደማ ያለ ሞተር ተንሸራቶ ወረደ። ሞተሮቹ የተነሱት ያን ጊዜ ነው። ጃካርታ አረፈ፤ ሰውም አልሞተም።

የሩቅ ታሪክ ነው የሚል ካለ የቅርቡን ላንሳ። ኅዳር 14 ቀን 2018 በእኛ አቆጣጠር፣ እሁድ ረፋድ ላይ፣ አፋር ውስጥ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ። ይህ የመንገደኛ አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍታ በላይ ነው። ቀይ ባሕርን ተሻገረ፣ በየመንና በኦማን ላይ አለፈ፣ በማግስቱ ማታ ሰሜን ሕንድ ደረሰ። ኤር ኢንዲያ በረራ ሰርዞ አውሮፕላኖቹን ፈተሸ። አፍዴራ ላይ ሰው ከጣሪያውና ከከብቱ ላይ አመድ ሲያራግፍ፣ ሌላ አገር ያለው እንደ እኔ ያለ የበረራ እቅድ አውጪ ደግሞ አመዱ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ ፊቱ ላይ ነበረው። በዓለም እንዲህ ያለውን አመድ የሚከታተሉ ዘጠኝ ማዕከሎች አሉ። የእኛን አካባቢ የሚጠብቀው ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ያለው ነው። ራዳር ላይ ብቻ የሚተማመን አብራሪ ግን አመዱ ውስጥ ገብቶም ስክሪኑ ባዶ ይሆንበት ነበር።

እና ዋናው ነገር ይህ አይደለም። ራዳሩ በደንብ በሚያየውም ላይ ቢሆን አንድ ችግር አለ። ደመናው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ነዳጁ ተጭኗል፣ መንገዱ ተመርጧል፣ ተለዋጭ ማረፊያው ተወስኗል። ራዳር «ወደ ግራ ልታጠፍ ወይስ ወደ ቀኝ?» ለሚለው ይበቃል። «ዛሬ በዚህ መንገድ ልነሳ?» ለሚለው ግን አይበቃም። ያ ጥያቄ የሚመለሰው ከመነሳቱ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቡና ይዞ በተቀመጠ ሰው ነው። እጁ ላይ ያለው ደግሞ ትንበያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ትንበያ ይሳሳታል የሚል ነው። ይሳሳታል። እኔው ልመስክር።

አንድ ሌሊት አልረሳም። የአየር ማረፊያውን ስም ልተወው፤ ደጋ ነው ብቻ። ትንበያው ጉሙ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይገፈፋል ይላል። ለማንኛውም ብዬ ለግማሽ ሰዓት መዞሪያ የሚሆን ነዳጅ አስጨመርኩ። 12 ሰዓት ተኩል ሆነ። በመስኮት ሳይ ከፊት ለፊታችን ያለው የመብራት ምሰሶ ግማሹ የለም። አምፖሉ ብቻ ቢጫ ሆኖ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። 1 ሰዓት ሊሆን ሲል ካፒቴኑ በሬዲዮ «ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ይገፈፋል ወይስ ልሂድ?» አለኝ። ምን ልበለው? ሄደ። ተለዋጭ ማረፊያ ወረደ፣ ነዳጅ ሞላ፣ የሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተመለሰ። ትራንዚት ያለው መንገደኛ ሁሉ ቀጣይ በረራው አመለጠው። ጉሙ የተነሳው 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

ጸሐፊው ይህን ቢሰሙ «ይኸው!» ይላሉ። ግን ነገሩን ገልብጠው ይዩት። ትንበያ ጭራሽ ባይኖር ያ አውሮፕላን ጉም መኖሩን ሳያውቅ፣ መዞሪያ ነዳጅም ሳይዝ ይመጣ ነበር። የጎደለን የተሻለ ትንበያ ነው። ከሁሉ በላይ የጎደለን ትንበያው ራሱን ምን ያህል እንደሚያምን የሚናገር አንድ መስመር ነበር። ለዚህ ደንቡ ቦታ አዘጋጅቷል። በአየር ማረፊያ ትንበያ ላይ «እድሉ 30 በመቶ» ወይም «እድሉ 40 በመቶ» ተብሎ ይጻፋል። ሌላ ቁጥር አይፈቀድም። ከ30 ካነሰ አይጻፍም፤ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዋናው ትንበያ ውስጥ ይገባል። ያን ሌሊት «ጉሙ እስከ 2 ሰዓት የመቆየት እድሉ 40 በመቶ» የሚል ቢኖር የምጭነው ነዳጅ ሌላ ነበር።

ስለ ኪሳራውም ሒሳቡ በተቃራኒው ነው የሚሠራው። በረዥም በረራ ላይ ትርፍ ነዳጅ በየሰዓቱ ከክብደቱ 3 በመቶ ገደማ ለራሱ መሸከሚያ ይቃጠላል። አሥር ሰዓት ብትበሩ ከጨመራችሁት አንድ ቶን ሩቡ መድረሻው ሳይደርስ አልቋል። ትንበያውን የማያምን ዲስፓቸር፣ ማለትም እንደ እኔ የበረራ እቅድ የሚያወጣ ሰው፣ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ይፈራል። «ለማንኛውም» ብሎ ሁለት ቶን ይጨምራል። በየቀኑ፣ በየበረራው። የምታከስረዋ ቃል «ለማንኛውም» ናት። ትንበያ በተሻሻለ ቁጥር እሷ ትቀንሳለች።

አንድ ነገር ላይ ግን እስማማለሁ። በከንቱ የሚያስፈራራ ትንበያ አደገኛ ነው። ክረምቱን ሙሉ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ «ነጎድጓድ» ተብሎ ከተጻፈ አብራሪው ዓይኑ ያልፈዋል። እኔም አልፌዋለሁ። መድኃኒቱ ግን መቁጠር ነው። ስንቱን ያዘ? ስንቱን ሳተ? ስንቱን በከንቱ አስፈራራ? ይህ በየወሩ ተቆጥሮ ትንበያውን ለጻፈው ሰው ካልተመለሰለት፣ ስህተቱን የሚያውቀው ጉም ውስጥ የተንከራተተው መንገደኛ ብቻ ይሆናል።

«በአየር ጠባይ የሚወድቅ አውሮፕላን የለም» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ይህ የክርክራቸው ምሰሶ ነው። ደግሞም ግማሹ እውነት ነው።

ሰኔ 1975 የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 66 ኒውዮርክ ኬኔዲ አየር ማረፊያ ሊያርፍ ሲል ወደቀ። 113 ሰዎች ሞቱ። ቴድ ፉጂታ የሚባል ጃፓን የተወለደ፣ ቺካጎ የሚያስተምር ሳይንቲስት መረጃውን ሰብስቦ አንድ ነገር ተናገረ። ከነጎድጓድ ደመና ሥር አየር እንደ ባልዲ ውሃ ቁልቁል ተደፍቶ፣ መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይረጫል አለ። ብዙ የሙያ ጓደኞቹ አላመኑትም። ከ4 ኪሎ ሜትር ለማይሰፋው ትንሹ ዓይነት «ማይክሮበርስት» የሚል ስም ሰጠው።

እንዴት እንደሚገድል ማወቅ ያስፈልጋል። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲመጣ መጀመሪያ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ያገኘዋል። ክንፉ ይነሳል፤ አብራሪው ሞተሩን ይቀንሳል። ቀጥሎ ከላይ የሚደፋው አየር ይጫነዋል። ከዚያ ነፋሱ ይገለበጥና ከኋላ ይገፋዋል፤ ክንፉን የተሸከመው የአየር ፍጥነት በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። መሬት ደግሞ እዚያው ሥሩ ናት። ሐምሌ 1982 የፓን አም በረራ 759 ከኒው ኦርሊንስ እንደተነሳ ወደቀ፤ መሬት ላይ የነበሩትን ጨምሮ 153 ሰዎች ሞቱ። ነሐሴ 1985 ዳላስ ላይ የዴልታ በረራ 191 ተከተለ፤ 137 ሰዎች።

ከዚያ ነው አሜሪካኖቹ የነቁት። ማኮብኮቢያ ዙሪያ የነፋስ መለኪያ ምሰሶዎች በዙ። ነፋስን ራሱን የሚለካ ዶፕለር ራዳር ለአየር ማረፊያዎች ተሠራ። ሐምሌ 1988 ገና ሙከራ ላይ እያለ ዴንቨር ላይ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ለማረፍ የተሰለፉ አውሮፕላኖች ትተው ወደ ላይ ወጡ። አብራሪዎች በሲሙሌተር ሰለጠኑ። አውሮፕላኖቹ ላይም ማስጠንቀቂያ እንዲገጠም ግዴታ ሆነ። ሐምሌ 1994 ሻርለት ከተማ ላይ የዩኤስኤር በረራ 1016 ወደቀ፤ 37 ሰዎች ሞቱ። ያ አየር ማረፊያ ራዳሩ ይገባው ነበር። ቦታ በመግዛት ጣጣ ዘገየ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ በማይክሮበርስት የወደቀ የመንገደኛ ጄት የለም።

ስለዚህ «የለም» ትክክል ነው፤ ግን ለምን እንደሌለ እዩ። የሰፈር ዘበኛ ተቀጥሮ ሌባው ሲጠፋ «ሌባ ከሌለ ዘበኛው ምን ይሠራል?» እንደማለት ነው። ደግሞ የጠፋው ዘበኛ ባለበት ሰፈር ነው። ኅዳር 2022 ታንዛኒያ፣ ቡኮባ፣ ኤቲአር የተባለ አንድ አነስተኛ የመንገደኛ አውሮፕላን በመጥፎ አየር ሊያርፍ ሲሞክር ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ከ43 ሰዎች 19ኙ ሞቱ። ጥቅምት 2006 አቡጃ ላይ የኤዲሲ አየር መንገድ 737 በአውሎ ነፋስ መሐል ተነስቶ ወደቀ፤ 96 ሰዎች ሞቱ። በዚህኛው ላይ መርማሪዎቹ አየሩ መጥፎ መሆኑ እየታወቀ ለመነሳት የወሰነውን አብራሪ ነው የወቀሱት። ማስጠንቀቂያ የማይሰማ ሰው ካለ ትንበያ ብቻውን አያድንም። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ይሻላቸው ነበር። (አንባቢ ቤይሩት ላይ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ያስባል፤ አውቃለሁ። የሊባኖስ መርማሪዎችና አየር መንገዱ በምክንያቱ ላይ ስላልተስማሙ ለማንም ክርክር ማስረጃ አላደርገውም።)

ሳተላይትና ኤአይ። እዚህ ላይ ጸሐፊው አዲስ ነገር ያነበቡ ሰው ደስታ አላቸው፤ አልፈርድባቸውም። የጉግልም የሁዋዌም ሞዴሎች በ2023 የዓለምን ትንበያ በደቂቃዎች እያወጡ ጉድ አሰኝተውናል። ግን ሁለት ነገር ረሱ። አንደኛው ስፋት ነው። እነዚህ ሞዴሎች ዓለምን በ28 ኪሎ ሜትር ገደማ አራት ማዕዘን ነው የሚያዩት። ከቦሌ ተነስታችሁ በደብረ ዘይት መንገድ ዱከምን እስክታልፉ ያለው አንድ ሳጥን ነው። ማይክሮበርስት 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዕድሜውም ደቂቃዎች ነው። ሳጥኑ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። እሱን የሚይዘው ማኮብኮቢያው አጠገብ ያለ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው ምግባቸው ነው። ኤአይ የተማረው ለአሥርተ ዓመታት ከተሰበሰበ ልኬት ነው። ፊኛ የለቀቀ ሰው፣ ቴርሞሜትር ያነበበ ሰው፣ ከክንፏ ሙቀትና ነፋስ የላከች አውሮፕላን፤ ያ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። መጋቢት 2020 በኮቪድ በረራ ሲቆም፣ የአውሮፓው የትንበያ ማዕከል በአውሮፓ ሰማይ ላይ ካሉ አውሮፕላኖች የሚመጣለት መረጃ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወረደ። የማዕከሉ ሰዎች ይህ መረጃ ሲጠፋ በበረራ ከፍታ ላይ ያለው የነፋስና የሙቀት ትንበያ እንደሚጎዳ ያውቁ ነበር። ለዚያም አውሮፓ ሌላ መረጃ ሞልቷታል። በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መዝገብ የአፍሪካ የአየር ጠባይ ራዳሮች 37 ናቸው፤ የአውሮፓ 345። ሳተላይቱን ግን አልንቅም። በ2022 መጨረሻ የመጠቀው የአውሮፓ ሳተላይት አፍሪካን ጨምሮ መብረቅ ከሰማይ ይቆጥራል። ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ነጎድጓዱ የት እንዳለ ይነግረናል፤ ሥሩ ያለው ነፋስ ማኮብኮቢያው ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ ግን አይነግረንም።

የአየር መናወጥ ላይ «ቀበቶ እሰሩ» ማለታቸው ትክክል ነው። እኔም ለእናቴ የምላት እሱኑ ነው። ግንቦት 2024 የሲንጋፖር አየር መንገድ በረራ 321 ምያንማር ላይ ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 54 ሜትር ገደማ ሲወርድ ያልታሰሩት ጣሪያ ላይ ተመቱ። አንድ መንገደኛ ሞተ። ግን ቀበቶ ማሰር የማትችል ሰው አለች። ትኩስ ቡና ይዛ መተላለፊያው ላይ የቆመችው አስተናጋጅ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2021 ባወጣው ጥናት ከ2009 እስከ 2018 ከአየር መንገዶች አደጋዎች ከሦስት አንዱ በላይ ከአየር መናወጥ የመጣ ነው። ክፉኛ ከተጎዱት ውስጥ ከየአምስቱ ሰው አራቱ ገደማ የበረራ አስተናጋጆች ናቸው። ለእነሱ መድኃኒቱ «ከ15 ደቂቃ በኋላ ይመጣል፤ ጋሪውን መልሺና ተቀመጪ» የሚል መልእክት ነው። ያ ደግሞ ትንበያ ነው።

እዚህ ላይ የተሻሻለው ነገር ያስደስተኛል። ድሮ ሪፖርት የሚመጣው ከአብራሪ አፍ ነበር። የትንሿ አውሮፕላን «ከባድ» ለትልቁ 777 «ቀላል» ነው። አሁን አውሮፕላኑ ራሱ አየሩ ምን ያህል እንደተናወጠ አስልቶ በአንድ ቁጥር ይልካል፤ ከኋላ የሚመጣው ያየዋል። አየር መንገዶች ይህን የሚጋሩበት መድረክም አለ። የሚያስፈልገውም ያለ ምክንያት አይደለም። የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከባዱ የጥርት ሰማይ መናወጥ ከ1979 እስከ 2020 በ55 በመቶ ጨምሯል ብለዋል።

የእኛ ሰማይ ገር ነው ወይ? ሀሪኬን የለንም፤ እውነት ነው። ግን ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ለመነሳት ብዙ ይሮጣል። ከሰዓት በኋላ የሙቀት ትንበያው በአራት ዲግሪ ቢሳሳት ጭነት ማውረድ ይመጣል። የጽጌረዳ ካርቶኖች ከአውሮፕላን ሲወርዱ ያየ ሰው «ዲግሪ ምን ያደርጋል?» አይልም። ወደ ዋሽንግተን የምትሄዱ ታውቁታላችሁ፤ ስትሄዱ መሐል ላይ ለነዳጅ ትወርዳላችሁ፣ ስትመለሱ በቀጥታ ትመጣላችሁ። አንዱ ምክንያት ከዚህ ከፍታ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት አለመቻሉ ነው፤ ሌላው ከፊት የሚገፋው ነፋስ።

ደግሞ ሰማያችን ቦሌ ላይ አያበቃም። ወደ ኪንሻሳ፣ ወደ ሉዋንዳ የሚሄድ በረራ መብረቅ በዓለም እጅግ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ በሆነው በኮንጎ ተፋሰስ ላይ ያልፋል። ሃይሊ ጉቢንም ጠቅሻለሁ። ሰኔ 2011 ከድንበር ማዶ፣ ኤርትራ ውስጥ፣ የናብሮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ሂላሪ ክሊንተን የአዲስ አበባ ጉብኝታቸውን አቋርጠው ወጥተዋል። የእኛ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት እንኳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተወለደው በሲቪል አቪዬሽን ጉያ ውስጥ ነው፤ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1980 ነው። ሰማዩ ገር ቢሆን ማን ይወልደው ነበር?

«ማን ይክፈል?» ብለዋል። በዓለም አቀፍ ደንብ የዚህ አገልግሎት ወጪ አየር መንገዶች ለአየር ክልል ከሚከፍሉት ሊሸፈን ይችላል። በእኔ ግምት ከባዱ ራዳር መግዛቱ አይደለም። መለዋወጫውን፣ ጄኔሬተሩን፣ ሌሊት የሚቀመጥበትን ሰው ለ20 ዓመት መያዝ ነው። በዚያ ላይ ቢጽፉ አብሬያቸው እጽፍ ነበር።

አንዲት ትንሽ ማረሚያ ልጨምር። ለበረራ የሚወጣ አደገኛ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ፣ እኛ «ሲግሜት» የምንለው፣ ለ24 ሰዓት ይጸናል ብለው ጽፈዋል። አይደለም። ለአራት ሰዓት ነው፤ ለአመድና ለሐሩር አውሎ ነፋስ ሲሆን ስድስት።